ሸክላ ማጫወቻን መጠገን፦ መሣሪያውን ለማዞር ወይስ ሸክላውን ለማትረፍ?

መግቢያ

አንድ የቆየ ሸክላ ማጫወቻ ወደ ጥገና ቤት ሲገባ ባለቤቱ የሚያቀርበው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ «ይሠራል ወይ?» የሚል። ጠጋኙም በበኩሉ ሰሃኑ ሲዞርና ከድምፅ ማጉያው ድምፅ ሲወጣ ሥራው እንደተጠናቀቀ ይቆጥራል። ለሬዲዮ ይህ መለኪያ በቂ ሊሆን ይችላል፤ በደንብ ያልተጠገነ ሬዲዮ የሚያበላሸው ራሱን ነውና። ሸክላ ማጫወቻ ግን ከዚህ ይለያል። መርፌው ሸክላውን እየነካና እየታከከ የሚያነብ በመሆኑ፣ በአግባቡ ያልተጠገነ ማጫወቻ ከራሱ ይልቅ የሚጎዳው በላዩ የተቀመጠውን ሸክላ ነው። ማጫወቻው በሌላ ጊዜ እንደገና ሊጠገን ይችላል፤ የተፋቀ ሸክላ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

ጉዳዩ በኢትዮጵያ ከግል ትዝታ ያለፈ ክብደት አለው። አምሐ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሬከርድስን ካቋቋመ በኋላ፣ በካይፋ ሬከርድስና በፊሊፕስ ከታተሙት ጋር፣ የዘመኑ የከተማ ሙዚቃ ለሕዝብ የደረሰው በአብዛኛው ሁለት ዘፈን በያዙ ትናንሽ ሸክላዎች ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሴት ሸክላን ከገበያ አስወጣው። ከዚያ በኋላ ሸክላዎቹ በየቤቱ ቁም ሣጥንና በየአሮጌ ዕቃ ሱቁ ቀሩ። ከእነዚህ ዘፈኖች ጥቂት የማይባሉት እንደ «ኢትዮጲክስ» ባሉ ተከታታይ ሕትመቶች እንደገና ለአድማጭ ቀርበዋል። ዳግም ያልታተመ ዘፈን ግን ዛሬም የሚገኘው በቀሩት ጥቂት ቅጂዎች ላይ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ቅጂ የሚያነበው መሣሪያ ሁኔታ የሰነዱን ዕድሜ ይወስናል ማለት ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ የቆየ ሸክላ ማጫወቻ የሚበላሽባቸውን ዋና ዋና ምክንያቶችና የሚጠገንበትን ቅደም ተከተል ያብራራል። መከራከሪያው አንድ ነው፤ የጥገናው መለኪያ የመሣሪያው መዞር ሳይሆን የሸክላው አለመጎዳት መሆን አለበት የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ስም፣ ሁለት ቁስ

በአማርኛ «ሸክላ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት ይጠራል። የመጀመሪያው በደቂቃ ወደ 78 ዙር የሚዞረው፣ ሼላክ ከተባለ ሙጫና ከድንጋይ ዱቄት የተሠራው ከባድና ተሰባሪ ዲስክ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ በርሊን ላይ ያስቀረጿቸው ዜማዎች የታተሙት በዚህ ዓይነት ዲስክ ነው። ሁለተኛው ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተስፋፋው፣ ቪኒል ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራውና በደቂቃ 33⅓ ወይም 45 ዙር የሚዞረው ዲስክ ነው። የአምሐና የካይፋ ሸክላዎች የሚመደቡት በዚህኛው ውስጥ ነው።

የስሙ አንድነት የቁሱን ልዩነት ሊሸፍን አይገባም። በሼላኩ ዲስክ ላይ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ ሰፊ ስለሆነ የሚነበበው ጫፉ ወደ 75 ማይክሮን የሚደርስ ክብ ራዲየስ ባለው መርፌ ነው። የቪኒሉ ቦይ ጠባብ በመሆኑ የሚፈልገው ከ18 እስከ 25 ማይክሮን የሆነ ጫፍ ነው። ጽዳታቸውም ይለያያል። ሼላክ በአልኮል ይሟሟል፤ በአልኮል የታሸ የ78 ዙር ዲስክ ገጹ ይበላሻል። እንግዲህ ጥገና ከመጀመሩ በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ መሣሪያው የትኛውን ሸክላ ሊያነብ ተፈለገ የሚለው ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የተሠሩ ብዙ ማጫወቻዎች ሁለቱንም እንዲያነቡ ሆነው ስለተሠሩ፣ ስሕተት የሚፈጠረው በተለይ በእነዚህ ላይ ነው።

የመሣሪያው አሠራር በአጭሩ

ማንኛውም ሸክላ ማጫወቻ ሦስት ሥራዎችን ያከናውናል። አንደኛው ሸክላውን በተወሰነና በማይዋዥቅ ፍጥነት ማዞር ነው፤ ይህን የሚሠሩት ሞተሩ፣ ኃይል አስተላላፊውና ሰሃኑ ናቸው። ሁለተኛው መርፌውን በቦዩ ላይ በተመጠነ ክብደት መያዝ ነው፤ ይህ የክንዱ ድርሻ ነው። ሦስተኛው የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ ለውጦ ማጉላት ነው፤ ይህን የሚያከናውኑት በክንዱ ጫፍ ያለው የመርፌ ራስና ማጉያው ናቸው።

ኃይል የሚተላለፍበት መንገድ በአሮጌ ማጫወቻዎች ላይ በብዛት ሁለት ዓይነት ነው። በመጀመሪያው ዓይነት በሞተሩ ዘንግና በሰሃኑ ውስጠኛ ጠርዝ መካከል አንድ ትንሽ የጎማ መንኮራኩር ገብቶ ሁለቱን ያገናኛል፤ በዚህ ጽሑፍ «አገናኝ ጎማ» ይባላል። የሞተሩ ዘንግ ውፍረቱ ደረጃ ደረጃ ያለው ሲሆን፣ የፍጥነት መምረጫው አገናኝ ጎማውን ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ከፍና ዝቅ በማድረግ 33⅓፣ 45 ወይም 78 ዙር ያስገኛል። በሁለተኛው ዓይነት ሞተሩና ሰሃኑ በቺንጋ ይያያዛሉ። የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ የሚቀጥለውን ሥራ ሁሉ ይወስናል፤ የሚያረጁበትም ሆነ የሚጠገኑበት መንገድ የተለያየ ነውና።

ከሁሉ በፊት ኤሌክትሪክ

ለብዙ ዓመታት ያልተነካ ማጫወቻን በቀጥታ ሶኬት ላይ መሰካት ሊጠገን የሚችለውን መሣሪያ ሊያቃጥል ይችላል። በውስጡ ያሉት የወረቀትና የኤሌክትሮላይት ካፓሲተሮች በጊዜ ብዛት ይደርቃሉ ወይም እርጥበት ይስባሉ፤ ኃይል ሲያገኙም አጭር ዙር ይፈጥራሉ። በማብሪያ ማጥፊያው ላይ የተገጠመው ትንሽ ካፓሲተር በተለይ ተጠርጣሪ ነው። ከዋናው መስመር ጋር በቀጥታ የሚገናኝ ስለሆነ፣ በሚተካበት ጊዜ ለዚሁ አገልግሎት በተሠራና ከመስመሩ ቮልቴጅ በላይ መሸከም በሚችል ዓይነት መተካት ይኖርበታል።

በቀላል መሣሪያ የሚሠራ አንድ የጥንቃቄ ዘዴ አለ። ከ40 እስከ 60 ዋት የሆነ የክር አምፖል ከማጫወቻው ጋር በተከታታይ ይገናኛል። መሣሪያው ጤናማ ከሆነ ትንሹ ሞተር የሚስበው ጥቂት ኃይል ብቻ ስለሆነ አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ይበራል ወይም ጨርሶ አይታይም። ውስጡ አጭር ዙር ካለበት ግን አምፖሉ በሙሉ ኃይሉ ይበራና ጉዳቱን በራሱ ላይ ያስቀራል። ይህ ዘዴ በዘመናዊው የኤልኢዲ አምፖል አይሠራም።

የሰው ደኅንነት ደግሞ ከመሣሪያው ይቀድማል። በቫኩም ቱቦ የሚሠሩ አንዳንድ ርካሽ ማጫወቻዎች ትራንስፎርመር የሌላቸውና የብረት አካላቸው ከዋናው መስመር አንዱ ሽቦ ጋር የተያያዘ ነው። በእነዚህ ላይ ብሎኑም ሆነ ክንዱ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። ከሶኬት ከተነቀሉ በኋላም ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ኃይል አከማችተው ይቆያሉ። ስለዚህ የኤሌክትሪኩ ክፍል ልምድ ላለው ባለሙያ ብቻ የሚተው ነው። ከዚህ በታች የሚገለጸው የጎማ፣ የዘይትና የመርፌ ሥራ ግን መሣሪያው ከሶኬት ተነቅሎ በጥንቃቄ በሚሠራ ሰው ሊከናወን ይችላል።

ጎማ፣ ግራሶና ዘይት

ከቆመ ብዙ ዓመት የሆነው ማጫወቻ የማይዞርበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ የሞተር መቃጠል አይደለም። ፋብሪካው የቀባው ግራሶ ደርቆ እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ዘንጎቹና ማንሻዎቹ አይንቀሳቀሱም። ክንዱን በራሳቸው አንሥተው በሚያስቀምጡና ሸክላ በሚቀያይሩ ማጫወቻዎች ላይ ይህ የሁሉም እክል መነሻ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው አሮጌውን ግራሶ በአልኮል ጠርጎ ማውጣትና በጣም ጥቂት አዲስ መቀባት ነው። አዲስ ዘይት በደረቀው ላይ መጨመር ችግሩን ለጥቂት ቀናት ሸፍኖ ያባብሰዋል።

የሞተሩና የሰሃኑ ኩሽኔታ ቀጭን የማሽን ዘይት ይፈልጋል፤ ለሞተሩ በየገበያው የሚገኘው የስፌት መኪና ዘይት ጥቂት ጠብታ ይበቃዋል። የምግብ ዘይት ግን በጊዜ ስለሚወፍርና ስለሚጣበቅ ፈጽሞ መግባት የለበትም። ዘይትም ሆነ ግራሶ አገናኝ ጎማውን፣ ቺንጋውንና የሰሃኑን ውስጠኛ ጠርዝ መንካት የለበትም፤ ኃይል የሚተላለፈው በሰበቃ ስለሆነ አንድ ጠብታ ዘይት ሰሃኑን ሊያንሸራትት ይበቃል።

አገናኝ ጎማ የሚጎዳው በሁለት መንገድ ነው። ገጹ ደርቆ ይጠነክርና ይንሸራተታል፤ ወይም ማጫወቻው ፍጥነት እንደተመረጠበት ለዓመታት ከቆመ ጎማው በዘንጉ ላይ እንደተጫነ ይቀርና ይሰረጉዳል። የመጀመሪያው ጉዳት በአልኮል በማጽዳትና ጎማውን እያዞሩ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ገጹን በስሱ በማሸት ሊቀረፍ ይችላል። የሰረጎደ ጎማ ግን በአብዛኛው አዲስ ጎማ ይሻል። በዚህ ጊዜ አንድ ጠቃሚ የሜካኒክስ እውነት አለ። አገናኝ ጎማው በሁለት ክበቦች መካከል የገባ ስለሆነ የራሱ ስፋት በሰሃኑ ፍጥነት ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ፍጥነቱን የሚወስነው የሞተሩ ዘንግ ውፍረት ከሰሃኑ ውስጠኛ ጠርዝ ስፋት ጋር ያለው ንጽጽር ብቻ ነው። ስለዚህ በቶርኖ ቤት አዲስ ጎማ የሚለብስ መንኮራኩር ስፋቱ ከቀድሞው በጥቂቱ ቢለይም፣ ቦታው ላይ በአግባቡ እስከገጠመ ድረስ ፍጥነቱ አይዛባም። መሟላት ያለበት ግዴታ ፍጹም ክብ መሆኑና ቀዳዳው በትክክል መሐል ላይ መውደቁ ነው።

የቺንጋ ነገር ከዚህ ይለያል። ቺንጋው በሞተሩ መዘውር ላይ ሲጠመጠም የራሱ ውፍረት በመዘውሩ ስፋት ላይ ስለሚደመር፣ ወፍራም ቺንጋ ሰሃኑን ያፈጥነዋል፤ ቀጭኑ ያዘገየዋል። በተረፈ ላስቲክ ወይም ከከመነዳሪ በተቆረጠ ጎማ የተሠራ ምትክ ሰሃኑን ቢያዞረውም ፍጥነቱን ያዛባል፤ ውፍረቱ ወጥ ስላልሆነም ድምፁን ያዋዥቀዋል። በገመድ ዙሪያውን ለክቶ ከልኩ በጥቂት በመቶ የሚያንስ፣ ለማጫወቻ ተብሎ የተሠራ ቺንጋ ማስመጣት አስተማማኙ መንገድ ነው።

ድምፁ ሲዋዥቅ መንሥኤውን በጆሮና በሰዓት መለየት ይቻላል። በ45 ዙር የሚሄድ ሸክላ አንዱን ዙር የሚጨርሰው በ1.33 ሰከንድ፣ በ33⅓ የሚሄደው በ1.8 ሰከንድ ነው። መዋዠቁ በዚህ ልክ ተራ ጠብቆ የሚመላለስ ከሆነ ችግሩ ከሰሃኑ ወይም ቀዳዳው መሐሉን ከሳተ ሸክላ ነው። ከዚህ እጅግ ፈጥኖ የሚደጋገም መንገጫገጭ ከሆነ ግን ምንጩ በሰሃኑ አንድ ዙር ብዙ ጊዜ የሚሽከረከረው አገናኝ ጎማ ነው።

የ50 እና የ60 ኸርዝ ጉዳይ

በአገር ውስጥና በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ዕቃ በሚመላለስበት ጊዜ አንድ ስሕተት ተደጋግሞ ሊያጋጥም ይችላል። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የመጣ ማጫወቻ ባለቤት ቮልቴጁን የሚቀንስ ትራንስፎርመር ገዝቶ ችግሩ እንደተፈታ ሊያምን ይችላል። ትራንስፎርመር ግን ቮልቴጅን እንጂ ኸርዝን አይለውጥም። የአብዛኞቹ አሮጌ ማጫወቻዎች ሞተር ፍጥነቱን የሚያገኘው ከመስመሩ ኸርዝ ነውና፣ ለ60 ኸርዝ የተሠራ ማጫወቻ በ50 ኸርዝ ሲሠራ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል፤ ማለትም መሄድ ከሚገባው ስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይሄዳል።

ውጤቱ በቁጥር ሲታይ፣ በ45 ዙር መሄድ ያለበት ሸክላ በ37.5 ዙር ይሄዳል። ሦስት ደቂቃ የሚፈጀው ዘፈን 3 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ይወስዳል፤ የድምፁ ከፍታም ከሦስት ግማሽ ድምፅ በላይ ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ የተወሰደ ማጫወቻ ደግሞ በተቃራኒው በ54 ዙር ይሄድና ያው ዘፈን በ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ያልቃል፤ ዘፋኙም ቀጭን ድምፅ ይኖረዋል። ፍጥነቱ የተዛባው በእኩል መጠን እስከሆነ ድረስ በድምፆቹ መካከል ያለው ርቀት ስለማይለወጥ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቀራል። በዚህም ምክንያት ዘፈኑን ቀድሞ የማያውቅ አድማጭ ስሕተቱን ላያስተውል ይችላል። የሚጠፋው የዘፋኙ እውነተኛ የድምፅ ቀለም፣ የመሣሪያዎቹ ትክክለኛ ከፍታና የምቱ ፍጥነት ነው፤ ስለ አዘፋፈንና ስለ ሙዚቃ ቅንብር ለሚያጠና ሰው ደግሞ እነዚህ ዋና መረጃዎች ናቸው።

መፍትሔው በሞተሩ ዘንግ ላይ ነው። በአገናኝ ጎማ በሚሠራ ማጫወቻ ላይ ከ60 ወደ 50 ኸርዝ ለመሸጋገር የዘንጉ እያንዳንዱ ደረጃ በ1.2 እጥፍ መስፋት አለበት፤ 5 ሚሊ ሜትር የነበረው 6 ሚሊ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለሁለቱም ኸርዝ የሚሆን መለዋወጫ መዘውር ያቀርቡ ነበር። ያ ካልተገኘ ጥሩ የቶርኖ ባለሙያ ከነሐስ ሊያወጣው ይችላል። ከ1970ዎቹ ወዲህ የመጡና በኤሌክትሮኒክስ የሚቆጣጠሩ፣ በቀጥተኛ ጅረት ሞተር የሚሠሩ ማጫወቻዎች ግን ፍጥነታቸው ከመስመሩ ኸርዝ ጋር ስላልተያያዘ ትክክለኛውን ቮልቴጅ ካገኙ ይበቃቸዋል።

ከጥገና በኋላ ፍጥነትን ለማረጋገጥ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በሰሃኑ ጠርዝ ላይ ትንሽ ወረቀት ለጥፎ፣ ዋጋ የሌለው ሸክላ አስቀምጦና መርፌውን አሳርፎ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ያለውን ዙር መቁጠር ይቻላል። በ33⅓ ልክ 100፣ በ45 ልክ 135 ዙር መሆን አለበት። በ33⅓ የአንድ ዙር ልዩነት የአንድ በመቶ ስሕተት ነው። ከዚህ የላቀ ትክክለኛነት ሲፈለግ ጥቁርና ነጭ ክፍልፋዮች የታተሙበት የማመሳከሪያ ክብ ወረቀት በሰሃኑ ላይ ይደረጋል። በ50 ኸርዝ መስመር ለ33⅓ ዙር 180 ጥቁር ክፍልፋይ ያለው ክብ ከመስመሩ በሚበራ መብራት ሥር የቆመ መስሎ ከታየ ፍጥነቱ ትክክል ነው። ለ60 ኸርዝ የታተመው ክብ 216 ክፍልፋይ ስላለው በኢትዮጵያ ቢጠቀሙበት ያሳስታል።

መርፌና ክብደት

እስካሁን የተገለጹት ጉድለቶች ድምፁን የሚያዛቡ ናቸው። ሸክላውን ራሱን የሚጎዳው ግን መርፌው ነው። የሰንፔር መርፌ የሚያገለግለው ለጥቂት አሥር ሰዓታት ብቻ ሲሆን የአልማዙ ለብዙ መቶ ሰዓታት ይቆያል። ያለቀ መርፌ ክብነቱን አጥቶ ጠርዝ ያወጣል፤ ያ ጠርዝም የቦዩን ግድግዳ እየፋቀ ይሄዳል። በመጀመሪያ የሚጠፉት ከፍተኛ ድምፆች፣ ማለትም የጽናጽሉ፣ የትንፋሽ መሣሪያዎቹና የዘፋኙ የ«ሰ» ድምፅ ጥራት ናቸው። ከአንድ ያልታወቀ ባለቤት የተገኘ ማጫወቻ መርፌው ለስንት ዓመት እንዳገለገለ የሚያውቅ ስለሌለ፣ መርፌውን ያለ ጥያቄ መለወጥ ወይም ቢያንስ በማይክሮስኮፕ መመርመር ተገቢ ነው። በየትምህርት ቤቱ የሥነ ሕይወት ቤተ ሙከራ ያለው ዓይነት ማይክሮስኮፕ በቂ ብርሃን ከጎን ከበራለት የጫፉን ቅርጽ ለማየት ይረዳል።

ሁለቱንም ዓይነት ሸክላ በሚያነቡ ማጫወቻዎች ላይ የመርፌ ራሱ ሁለት ጫፎች አሉት፤ በትንሽ ማንሻ ይገለበጣሉ። አንዱ ለ78 ዙር፣ ሌላው ለጠባቡ ቦይ ነው። የ78ቱ ወፍራም ጫፍ በቪኒል ሸክላ ላይ ከዋለ ወደ ቦዩ መግባት ስለማይችል ከላይ ከላይ እየተጫነ የቦዩን አፍ ያበላሻል። የቪኒሉ ቀጭን ጫፍ በ78ቱ ላይ ከዋለ ደግሞ በሰፊው ቦይ ወለል ላይ እየተንገዋለለ ጫጫታ ያወጣል፤ ራሱም ቶሎ ያልቃል።

የመርፌ ራሱ ውስጠ አካልም ያረጃል። ብዙ የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ ማጫወቻዎች ሮሼል ጨው ከተባለ ክሪስታል የተሠራ ራስ አላቸው። ይህ ክሪስታል እርጥበትና ሙቀት ያበላሸዋል፤ ድምፁ ቢደክምና ቢጎረና ማጉያው ጤናማ ሊሆን ይችላል። ከሴራሚክ የተሠራ ምትክ በቀጥታ ሊገጠምለት ይችላል። ማግኔታዊ ራስ ግን የሚያወጣው የቮልት ጥቂት ሺኛ ብቻ ስለሆነ ለዚሁ የተዘጋጀ ቅድመ ማጉያ ካልታከለለት አይሰማም።

የቀረው የክብደት ጉዳይ ነው። የሴራሚክ ራስ ያላቸው አሮጌ ማጫወቻዎች መርፌውን ከ5 ግራም በላይ በሆነ ክብደት የሚጭኑ ሲሆን፣ በኋላ የመጡት ማግኔታዊ ራሶች በአብዛኛው ከ1.5 እስከ 3 ግራም ይበቃቸዋል። መርፌው ሲዘል በክንዱ ላይ ሳንቲም የማስቀመጥ የቆየ ልማድ አለ። ሳንቲሙ መዝለሉን ያስቆማል፤ የመዝለሉን ምክንያት ግን አያስወግድም። ምክንያቱ ያለቀ መርፌ፣ በደረቀ ግራሶ የተያዘ ክንድ ወይም ዘንበል ብሎ የተቀመጠ ማጫወቻ ሊሆን ይችላል። የጫፉ ስፋት በማይክሮን የሚለካ በመሆኑ በላዩ የተጨመረ እያንዳንዱ ግራም በቦዩ ግድግዳ ላይ ከፍተኛ ግፊት ይፈጥራል። በዚህ መንገድ የተሰማ ሸክላ በእያንዳንዱ ጨዋታ ከራሱ ጥቂት እየከፈለ ነው። አንድ አሥረኛ ግራም የሚለይ ትንሽ የኪስ ሚዛን ይህን ጉዳት ለመከላከል ከሚገዙ ዕቃዎች ሁሉ ርካሹ ነው።

የሚመለስና የማይመለስ ስሕተት

ከላይ የተዘረዘሩት ጉድለቶች እኩል ክብደት የላቸውም። ሸክላው ወደ ዲጂታል በሚገለበጥበት ጊዜ ልዩነታቸው ግልጽ ሆኖ ይታያል። እኩል የሆነ የፍጥነት ስሕተት መጠኑ እስከታወቀ ድረስ በኋላ በኮምፒዩተር ሊታረም ይችላል። ለ78 ዙር ሸክላዎች ይህ እርማት አንዳንድ ጊዜ ግዴታ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ከተቀረጹት ብዙዎቹ በትክክል በ78 ዙር የተቀረጹ አይደሉምና። ከሰረጎደ ጎማ የሚመጣ መዋዠቅ ለማረም አስቸጋሪ ነው፤ ነገር ግን ማጫወቻው ተጠግኖ ሸክላው እንደገና ሊገለበጥ ይችላል። በመርፌ የተፋቀ ቦይ ግን በምንም መንገድ አይታረምም፤ ሁለተኛ ቅጂ ከሌለ ዘፈኑ በዚያው ይቀራል።

ገንዘብና መለዋወጫ በሚያጥርበት ሁኔታ ጠጋኙም ሆነ ባለቤቱ ሊከተሉት የሚገባው ቅደም ተከተል ከዚህ ይመነጫል። ከኤሌክትሪክ ደኅንነት ቀጥሎ የመጀመሪያው ወጪ ለመርፌና ለክብደት ይሁን፤ ሁለተኛው ለጎማና ለኩሽኔታ፤ ሦስተኛው ለትክክለኛው ፍጥነት፤ የመጨረሻው ለሣጥኑ ቀለምና ለውጫዊ ውበት። በተግባር የሚታየው ብዙ ጊዜ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ሣጥኑ ተወልውሎ፣ ሞተሩ ተሠርቶ፣ መርፌው ግን ከነበረበት ዘመን ጀምሮ ሳይለወጥ ይቀራል።

ሸክላውም ከመጫወቱ በፊት መጽዳት አለበት። አቧራ በመርፌው ግፊት ወደ ቦዩ ግድግዳ ሲታሸት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ለቪኒሉም ሆነ ለሼላኩ የተጣራ ውኃ ከጥቂት ለስላሳ ሳሙና ጋር፣ ከዚያም በንጹሕ የተጣራ ውኃ ማለቅለቅ ይበቃል፤ የወረቀት ስያሜው እንዳይርስ፣ ሼላኩም በውኃ ውስጥ እንዳይቆይ ጥንቃቄ ይደረጋል። የተጠገነው ማጫወቻ መጀመሪያ የሚሞከረው ዋጋ በሌለው ሸክላ ሲሆን፣ ብርቅ የሆነው የሚመጣው ሁሉም ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ የመጀመሪያውን ጨዋታ መቅዳት ተገቢ ነው። ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር ለዚህ ቢያንስ የ48 ኪሎ ኸርዝና የ24 ቢት ጥራትን ይመክራል። ከቅጂው ጋር የማጫወቻው ዓይነት፣ የመርፌው ስፋት፣ ክብደቱና የተለካው ፍጥነት በጽሑፍ ቢያያዝ፣ በኋላ የሚመጣ አጥኚ የሰማው የዘፋኙን ድምፅ ይሁን የመሣሪያውን እክል ለይቶ ሊያውቅ ይችላል።

መደምደሚያ

የቆየ ሸክላ ማጫወቻ በአብዛኛው ሊድን የሚችል መሣሪያ ነው። የሚያስፈልገው የደረቀ ግራሶን መጥረግ፣ ያረጀ ጎማን መተካት፣ ከመስመሩ ኸርዝ ጋር የሚስማማ መዘውርና አዲስ መርፌ ሲሆን፣ ከእነዚህ አብዛኞቹን የአገር ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝና የቶርኖ ባለሙያ ተባብረው ሊሠሯቸው የሚችሉ ናቸው። ይሁንና የሥራቸው ውጤት የሚመዘነው በሚዞር ሰሃን አይደለም። ጠጋኙ ማጫወቻውን ሲያስረክብ «ይሠራል» ከማለት አልፎ መርፌው ለየትኛው ሸክላ እንደሆነ፣ በስንት ግራም እንደሚጫንና ሰሃኑ በሦስት ደቂቃ ስንት ዙር እንደዞረ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ጽፎ ሊሰጥ ይገባል። ባለቤቱም ያቺን ወረቀት ሳያይ የቤቱን ብርቅ ሸክላ በሰሃኑ ላይ ባያስቀምጥ ይመረጣል።